ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥምቀት፦ ለውጫሌና ለአካባቢዋ ሴቶች፣ ለቤተሰቦቻቸውም የቀረበ ማሳሰቢያ

ውጫሌ ውስጥ አንዲትን ሴት «የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?» ብለው ቢጠይቋት ብዙ ጊዜ ቀን ጠርታ አትመልስም። «ለሚካኤል ማግስት»፣ «ዒድ በዋለ በሳምንቱ»፣ «እህሉ ሲወቃ» ትላለች። ይህ ያስኬዳል፤ ቁጥር ይረሳል፣ በዓል አይረሳም። እኔም ማሳሰቢያዬን በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የማሳስበው ስለ ጥቂት ቀናት ነውና።

የወር አበባዋ የመጣው በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12 ነው እንበል። በየ28 ቀኑ የሚመጣላት ከሆነ ኅዳር 26 አካባቢ ትፀንሳለች። ፅንሱ እየተከፋፈለ በማህፀን ቱቦው ቁልቁል ይጓዝና በታኅሣሥ የመጀመሪያ ቀናት ከማህፀኗ ግድግዳ ይጣበቃል። እሷ ምንም አታውቅም። ገበያ ትወጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ለደቦው ጠላ ትጠምቃለች። ታኅሣሥ 10 ይመጣል ያለችው ደም ይቀራል። ታኅሣሥ 18 ገደማ፣ ከምስር ፍሬ በማይበልጥ አካል ውስጥ ልብ መምታት ይጀምራል። በዚያው ሰሞን በፅንሱ ጀርባ ላይ እንደ ቦይ ተከፍቶ የነበረው ስንጥቅ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም እየገጠመ ይሄድና ታኅሣሥ 24 አካባቢ ተዘግቶ ያልቃል። ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ያ ቦይ ነው። ለገና ዶሮው ሲወጠወጥ ሥራው አብቅቷል።

ደሙ ከቀረበት ቀን ቦዩ ተዘግቶ እስኪያልቅ ያለው 14 ቀን ብቻ ነው። ይህም ሴትየዋ «ብርድ መትቶኝ ይሆናል፣ ይመጣል» እያለች የምትጠብቅበት ጊዜ ነው። ጡት የምታጠባ ወይም የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወጋ የቆየች ከሆነች ደግሞ የደሟን መቅረት እንኳ ልብ አትለውም።

ቦዩ ከላይ ሳይገጥም ከቀረ ሕፃኑ የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟላ ይፈጠራል፤ አይተርፍም። ከታች ካልገጠመ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ይመጣል፦ ሕፃኑ ጀርባው ላይ እንደ ፊኛ ያበጠ ከረጢት ይዞ ይወለዳል፣ እግሮቹ አይታዘዙለትም፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላቱ ውሃ ይቋጥራል። አገራችን ይህ ችግር በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። አዲስ አበባ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ ግን ቀዶ ሕክምናው ከረጢቱን ይዘጋል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይመልስም። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ይህን ብታነብ አደራዬን ትስማኝ፤ እርግማን አይደለም፣ የእሷም ጥፋት አይደለም። ማንም ያልነገራትን ነገር ልታደርግ አትችልም ነበር።

አሁን ግን እንነጋገር። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው ለሚያውቁ እናቶች ከመፀነሳቸው አስቀድሞ ፎሊክ አሲድ ቢሰጣቸው ችግሩ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ፎሊክ አሲድ ትንሽ እንክብል ናት። ብዙውን ጊዜ ለአንዲት ሴት የሚበቃው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላ ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ትወስደዋለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ከሆነች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ይህንንም ሐኪም ያዝላታል።

ችግሩ ጊዜው ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመላ አገሪቱ የእርግዝና ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ቅሪት አይወራም፤ ዓይን ይፈራል፣ «ሆዷ ይግፋ እስኪ» ይባላል። መጋቢት ላይ ጤና ኬላ ስትሄድ የሚሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ለደሟ ይጠቅማታል፣ ትውሰደው። ቦዩ ግን ከገና በፊት ተዘግቷል። ፋብሪካዎች የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨምሩ አገሪቱ ደንግጋለች፤ ወፍጮ ቤት አስፈጭታ ጤፍና ማሽላ ለምትጋግር የአካባቢያችን ሴት ግን ይህ አይደርሳትም። ጎመኑም ምስሩም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ በውስጡ ያለው ፎሌት፣ የምግቡ ፎሊክ አሲድ፣ ብዙው አብሮ ይደፋል።

ስለዚህ እህቴ፣ በክንድሽ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጪ ወይም መርፌውን ልታቆሚ ጤና ጣቢያ የምትሄጅበት ቀን ትልቅ ቀን ነው። ልጅ እንደምትፈልጊ ለባለሙያዋ እዚያው ንገሪያትና ፎሊክ አሲድ ጠይቂ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ ይህችን ሴት እንክብሉን ሳታስይዙ ባትሸኟት ደስ ይለኛል።

ሌላው ማሳሰቢያ ስለ ማቅለሽለሽ ነው። ጥር ውስጥ ምራት ቡና እየቆላች ጭሱ ሲሸታት አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። አማት ታያታለች። «ልጄ፣ ትል ይዞሽ ነው፤ እንቆቆ ጠጪበት» ትላለች፤ ከልቧ አዝናላት። ባል «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ሌላው «ታይፎይድ ነው» ይላል። ሽንቷ ግን ገና አልተመረመረም። እባካችሁ፣ በወሊድ ዕድሜ ያለች ሴት ደሟ ቀርቶ ካቅለሸለሻት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሽንት ምርመራ ይቅደም። ውጤቱ «የለም» ካለና ደሙ ካልመጣ በሳምንቱ ይደገም። አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል የሚባሉት የትል መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይወሰዱም። ኮሶና እንዶድ ፅንስ ማስወረዳቸው ከጥንት የታወቀ ነው፣ እናቲቱንም ይመርዛሉ። ጤና አዳምም እየተፈላ አይጠጣ። አረቄውም፣ ጠላውም፣ ጫቱም ይቅር። የሚጥል በሽታ ያለባትና ቫልፕሮት የምትወስድ ሴት ደግሞ መድኃኒቱን በራሷ አታቁም፤ መድኃኒቱ የዚህን ቦይ መዘጋት ስለሚያውክ ከመፀነሷ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

የመጨረሻው ጉዳይ ለአንድ ሌሊት እንኳ የሚያድር አይደለም። አንዳንዴ ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ቱቦው ለመለጠጥ አልተፈጠረም፤ ብዙ ጊዜ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈነዳል፤ በያዝነው አቆጣጠር በገናና በጥምቀት ሰሞን መሆኑ ነው። ምልክቱ ከእምብርት በታች በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ አንዳንዴ ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ራስ ማዞርና መውደቅ ነው። ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ በውጭ የሚታየው ጥቂት ነው፤ ቤተሰብን የሚያዘናጋው ይኸው ነው። «ይነጋና እንወስዳታለን» የተባለላት ሴት ላይነጋላት ይችላል። ከተራራው ቀበሌዎች በቃሬዛም ይሁን በአምቡላንስ ያኔውኑ ትውረድ፤ ጤና ጣቢያው ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይልካታል። የሚሸኛት ሰው ስለ ሆድ ቁርጠቷ ብቻ ተናግሮ ዝም እንዳይል። ሐኪሙ ሳይጠይቀው «ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ አላየችም» ይበል።