ከጣና እስከ ካርቱም፣ ከባሕር ዳር ሳይወጡ

ዐባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋር እስኪገናኝ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ርቀት በእግሩ ሊወጣው የተነሣ ሰው በቀን 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 290 ቀናት ይፈጁበታል። መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሰኔ 20 ቀን ይደርሳል ማለት ነው፤ የትምህርት ዘመናችንም ርዝመት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚሁ ስሌት ይነሣል። ይህን መንገድ ከባሕር ዳር ሳንወጣ፣ ወደ ክፍልና ወደ ገበያ በምንመላለስበት እግራችን ልንጨርሰው እንችላለን፤ ብንጀምረውም ይበጀናል እንላለን።

እንዲህ ያለው ምናባዊ ጉዞ በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። በሰሜን አሜሪካ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ረግጠውት የማያውቁ ሰዎች በየሰፈራቸው የተራመዱትን በካርታ ላይ እየደመሩ ይፈጽሙታል። የእኛ መንገድ ግን ከደጃችን ይጀምራል። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ተጓዦች እ.ኤ.አ. በ2004 ዐባይን ተከትለው ሜዲትራንያን ባሕር ሲደርሱ ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ጉዞ በ114 ቀናት ፈጽመዋል። እኛ ታንኳም ድንኳንም አንጠይቅም። የሚያስፈልገን አንድ ደብተር ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በ400 ሜትር የመሮጫ ዙሪያ ላይ አንድ ጊዜ እየቆጠርን እንራመድ። ዙሩን በ570 ርምጃ ብንጨርስ የአንዱ ርምጃ ርዝመት 0.70 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 5 ኪሎ ሜትር ከ7,000 ርምጃ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የእጅ ስልክም ይህን ይቆጥርልናል። በውስጡ ያለው የፍጥነት ለውጥ መለኪያ በእያንዳንዱ ርምጃ የሚፈጠረውን ንዝረት ይለያል። ይሁን እንጂ የባጃጅ መንገጫገጭም አንዳንድ ጊዜ ሊያሳስተው ስለሚችል መሣሪያውን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ረዳት ማየት ይገባል።

በቀን 10,000 ርምጃ መራመድ ግዴታ ነው የሚለው እምነትስ? አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ድሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። በተከታዩ ዓመት በጃፓን ለገበያ የቀረበ አንድ መሣሪያ ስሙ «የአሥር ሺህ ርምጃ መለኪያ» ማለት ነበር። ቁጥሩ የተስፋፋው ከዚያ እንጂ ከጥናት ውጤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት በቀን 4,400 ርምጃ ገደማ ከሚራመዱት መካከል የሞት መጠን 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ያነሰ መሆኑን፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመር ማቆሙን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃን ይመክራል። የዐባይ ጉዟችን ለዚህ ይበቃል።

ሆኖም ምናባዊው መንገድ የማይለካው ነገር አለ። ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው የዐባይ በረሃ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ የስበትን ኃይል ለማሸነፍ ብቻ 588 ኪሎ ጁል ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ካቃጠለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል በመሆኑ ይህ አቀበት 560 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። ሜዳ በሆነችው ባሕር ዳር 5 ኪሎ ሜትር መሄድ ግን ከዚህ ግማሹን እንኳ አይፈጅም። ስለሆነም በደብተራችን «በረሃውን ተሻገርን» ብለን ስንጽፍ በረሃውን የተሻገረ ገበሬ የደከመውን ያህል ደክመናል ማለታችን እንዳልሆነ እናስታውስ።

ከዚህም የሚከብድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። እንጨት ተሸክማ ወደ ከተማ የምትገባ እናት ርምጃዋን ማንም ሳይቆጥርላት ከእኛ በላይ ትጓዛለች፤ መራመድን እንደ ጨዋታ መያዝ የጥጋብ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ የእርሷ ችግር የሸክሙ ክብደትና የአማራጭ ማጣት ነው፣ የእኛ ችግር ደግሞ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። የእርሷን ሸክም ማቃለል ሌላ ዕዳችን ነው፤ እኛ መቀመጣችን ግን ለእርሷ የሚያቀልላት ነገር የለም።

ጉዞውን እንድናስብ ያደረገን ሌላም ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ወደ ወላጆች ዘንድ በመኪና መሄድ እንኳ ለብዙ ተማሪዎች አስጊ ሆኖ ቆይቷል። መንገድ ለተዘጋበት ወጣት ካርታ ላይ መጓዝ ሀገሩን እንዳይረሳ ይረዳዋል። በ6ኛው ቀን ጢስ ዐባይ ፏፏቴ ሲደርስ፣ የካቲት ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አካባቢ ሲቃረብ፣ ስለ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ነገር ያንብብ፤ ስለ አለቱ፣ ስለ ደለሉ፣ ስለ ሕዝቡ። ይህ ግን ለእውነተኛው መንገድ ምትክ ሆኖ እንዲቀር አንመኝም።

ደግሞም ለመራመድ መራመጃ ያስፈልጋል። የጣና ዳርቻ ብዙ ቦታው በአጥር የተያዘ ነው፤ ውኃው ላይም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ አረም ታይቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ለእግረኛ መተላለፊያ አለው። ሐይቁም በዳርቻው ሁሉ ለእግረኛ ክፍት የሆነ መንገድ ቢኖረው ምኞታችን ነው። በየቀኑ የሚራመድበት ሰው አጥሩንም አረሙንም ቀድሞ ያያልና።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከባጃጅ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብለን እንውረድና በደብተራችን የመጀመሪያ መስመር ላይ «ጣና፣ 0 ኪሎ ሜትር» ብለን እንጻፍ።