የፍሉ ክትባትና የሜርኩሪው ክርክር፦ አማኝ ነገሩን እንዴት ይመዝን?



ብርድ በገባ ቁጥር በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። «የፍሉ ክትባት ውስጥ ሜርኩሪ አለ ይባላል፤ እንከተብ ወይስ እንተው?» ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2025 እንደገና ተቀጣጠለ። በዚያ ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በክትባት ጉዳይ መንግሥትን የሚያማክረውን ኮሚቴ 17 አባላት በሙሉ አሰናብተው አዲስ ሰዎች ሾሙ። አዲሱ ኮሚቴም በዚያው ወር ቲመሮሳል የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት የፍሉ ክትባት እንዳይሰጥ መከረ፤ ሚኒስትሩም በጁላይ ምክሩን ተቀበሉ። ይህን ዜና የሰማ ሰው «ለካ መርዝ ኖሯል!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላልና ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

ቲመሮሳል ምንድን ነው?

ቲመሮሳል ከ1930ዎቹ ጀምሮ ክትባት በጀርም እንዳይበከል ሲጨመር የኖረ ንጥረ ነገር ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ያስፈለገበትም ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው የሚሆን ክትባት ሲይዝ መርፌ አሥር ጊዜ ይገባበታል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ጀርም አብሮ ሊገባ ይችላል። በ1928 በአውስትራሊያ በበንዳበርግ ከተማ እንዲህ ያለ መከላከያ ካልተጨመረበት አንድ ጠርሙስ የዲፍቴሪያ ክትባት ከተወጉ 21 ሕፃናት 12ቱ ሞተዋል። የገደላቸው ክትባቱ ሳይሆን በጠርሙሱ ውስጥ የበቀለው ጀርም ነበር።

መጠኑስ? ከእንዲህ ያለ ብልቃጥ በሚቀዳ አንድ የፍሉ መርፌ ውስጥ 25 ማይክሮግራም ያህል ሜርኩሪ ይገኛል። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ዓይነቱም ይለያል። በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ ከደም ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል፤ ከቲመሮሳል የሚመጣው ኤቲል ሜርኩሪ ግን እጅግ ቶሎ ይወጣል። ስማቸው ስለ ተቀራረበ ብቻ ሥራቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናትና የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ኩባንያዎች ቲመሮሳልን ከሕፃናት ክትባት እንዲያወጡ ጠየቁ። ጉዳት ስለ ተገኘ ሳይሆን ለጥንቃቄ ነበር። በ2001 በብዙ ሰው ብልቃጥ ከሚመጣው የፍሉ ክትባት በስተቀር ከመደበኛ የሕፃናት ክትባቶች ወጥቶ ነበር፤ ቢቀርም እጅግ ጥቂት ርዝራዥ ነው። ሆኖም «ካልጎዳ ለምን አወጡት?» የሚለው ጥያቄ ሥር ሰደደ፤ በኦቲዝምም ተሳበበ።

ጥያቄው መጠየቁ ክፉ አልነበረም፤ መልስም አግኝቷል። ቲመሮሳል የኦቲዝም ምክንያት ቢሆን ኖሮ ከክትባቱ ሲወጣ የኦቲዝም ቁጥር መቀነስ ነበረበት። ዴንማርክ በ1992 መጠቀም አቆመች፤ ቁጥሩ ግን መጨመሩን ቀጠለ። በካሊፎርኒያም እንዲሁ ሆነ። በ2004 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ጥናቶቹን መርምሮ ማስረጃው ምክንያትነቱን እንደማይቀበል አስታወቀ። ከ2025ቱ ውሳኔ በፊትም በአሜሪካ ከሚሰጠው የፍሉ ክትባት 96 በመቶው ቲመሮሳል የሌለበት ነበር።

ይህን ስል ክትባት ፈጽሞ ጉዳት አያመጣም ማለቴ አይደለም። በ1976 በአሜሪካ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የአሳማ ፍሉ ክትባት ሲወስዱ ጊየን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም ከ100,000 ሰው በአንድ ያህል ተጨምሮ ተገኘ፤ ዘመቻውም ቆመ። እውነተኛ ጉዳት በምርመራ እንደሚገለጥ ይህ ያሳየናል። ቲመሮሳልም በዚያው መንገድ ተፈትኗል፤ በፍሉ መርፌ ላይ የሚያደርሰው የታወቀ ጉዳት በተወጋበት ቦታ ላይ መቅላትና ማበጥ፣ አልፎ አልፎም አለርጂ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ምሳሌ 18፥17 ቀድሞ የተናገረ ሰው ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ትክክለኛ እንደሚመስል ያስተምረናል። በስልክ የደረሰንን ሁሉ ሳንመረምር ማስተላለፍ በሐሰት ከመመስከር የራቀ አይደለም። «ለወገኔ አስቤ ነው» ማለት ሐሰቱን እውነት አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ በመካከላችን ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች አሉ። «ክትባት ስላስከተብሽው ነው» የሚለው ንግግር በደከመች እናት ላይ ያላጠፋችውን ጥፋት ይጭናል። በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን አጠፋ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ በወላጆቹ ላይ እንዲፈርዱ አልፈቀደላቸውም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለች እናት የምታርፍበት እንጂ የምትከሰስበት ቦታ መሆን የለባትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሌሎች እናስብ። በአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ግምት መሠረት ከ2010 እስከ 2020 ፍሉ በየዓመቱ ከ12,000 እስከ 52,000 ሰዎችን ገድሏል፤ በብዛት የሚያጠቃውም አረጋውያንን ነው። ወጣቱ በሳምንት የሚያልፈው ሳል አጠገቡ ለተቀመጡት አባት ወይም እናት የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በአገራችንና በሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት ማከፋፈል ወጪን ይቀንሳል፤ በማቀዝቀዣም ውስጥ ቦታ ይቆጥባል። የዓለም ጤና ድርጅት ቲመሮሳል ያለባቸውን ክትባቶች የሚደግፈው፣ ስለ ሜርኩሪ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም እነዚህን ክትባቶች ከእገዳው ያወጣቸው ስለዚህ ነው። በባለጸጋ አገር ያለ ሰው ሌላ መርፌ ይመርጣል። ፍርሃቱ ግን በስልክ ተጉዞ ገጠር ሲደርስ፣ ሌላ ምርጫ የሌላት እናት ልጇን ከቴታነስና ከዲፍቴሪያ የሚጠብቀውን ክትባት ታስቀራለች። የክርክሩን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ናት።

ሥጋት ያለበት ወገን ቢኖር በአሜሪካ ለአንድ ሰው ብቻ የተዘጋጀውን፣ ቲመሮሳል የሌለበትን መርፌ ይጠይቅ፤ ሐኪሙንም ያማክር። ሐኪም ማማከር እምነት ማጣት አይደለም፤ የጳውሎስ የቅርብ ባልንጀራ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። እንጸልይ፣ እንጠይቅ፣ መልሱንም ስናገኝ እንቀበል።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን።