ድመቷ ስኳር አለባት ተባለ፤ የቱን ኢንሱሊን እንግዛ?

የዚህ ወር ጥያቄ የመጣው ከጋርላንድ ነው። የ9 ዓመት ድመታቸው ውኃ በላይ በላዩ ትጠጣለች፣ እየበላች ትከሳለች፣ የአሸዋ ሳጥኗም ቶሎ ቶሎ ይርሳል። ሐኪም ጋ ሲወስዷት ስኳር ሆነ። «ሐኪሟ ሦስት የኢንሱሊን ስም ነገረችን፤ የዋጋቸው ነገር ሰማይና ምድር ነው» ትላለች እናትየዋ። «አያታቸው ‘ለድመት ደግሞ መርፌ!’ ይላሉ፣ ልጄ ታለቅሳለች። የቱን እንያዝ?»

መጀመሪያ ለእማማ መልስ እንስጥ። አገር ቤት ድመት አይጥ ስታባርር ትውላለች፤ እዚህ ግን አፓርትመንት ውስጥ ተኝታ ደረቅ ምግቧን እየበላች ትወፍራለች። የድመት ስኳር ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን ከሚይዘው ከሁለተኛው ዓይነት ስኳር ጋር ይመሳሰላል። ደስ የሚለው ነገር ቶሎ ታክመው፣ ምግባቸው ተስተካክሎ፣ ከነጭራሹ ኢንሱሊን የሚያቆሙ ድመቶች መኖራቸው ነው። የዕድሜ ልክ መርፌ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ወደ ኢንሱሊኑ እንምጣ። ላንተስ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እናት ወይም አክስት ፍሪጅ ውስጥ ያለው እሱ ነው። የመድኃኒቱ ስም ግላርጂን ሲሆን፣ ለሰው ቢሠራም ሐኪሞች ለድመት ያዙታል። ፕሮዚንክ ደግሞ ለድመት ተብሎ በ2009 የተፈቀደ ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው ስለሚሠሩና ረዘም ስለሚቆዩ፣ የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ ለድመት የመረጠው እነሱን ነው። ሦስተኛው ቬትሱሊን ነው። እሱም ለድመት ተፈቅዷል፤ ግን ብዙ ድመቶች ላይ ቶሎ ይወጣና ቶሎ ይወርዳል። የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት መሆኑንም እወቁ። ቤታችሁ ውስጥ ይህ የሚከብደው ሰው ካለ ለሐኪሟ በግልጽ ንገሯት፤ ሌላ ምርጫ አለ፣ ማንም አይቀየምም።

ልጆች፣ ይቺን ለእናንተ፦ የድመት ኢንሱሊን ከላም ኢንሱሊን የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ከሰው ግን በ4 ይለያል። ድመታችሁ በዚህ በኩል ከእናንተ ይልቅ ለላም ትቀርባለች ማለት ነው!

ስለ ዋጋ። የላንተስ አምራች ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የመደበኛ ዋጋውን በ78 በመቶ ስለቀነሰ፣ ድሮ «አይቻልም» ያላችሁ ሰዎች እንደገና ጠይቁ። አንድ ትልቅ ጠርሙስ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን ሁለት ጊዜ 2 ዩኒት ለምትወስድ ድመት የ250 ቀን ነው፤ ሳያልቅ ይበላሻል። ስለዚህ 300 ዩኒት የምትይዘውን ፔን ነጠላውን የሚሸጥ ፋርማሲ ፈልጉ። ሐኪሟ ማዘዣ ትጻፍላችሁና ሁለት ሦስት ፋርማሲ ደውላችሁ ዋጋ አወዳድሩ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ብቻ መግዛት የለባችሁም። ዋልማርት ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ርካሽ ኢንሱሊን አለ፣ ኤንፒኤች የሚባለው። በድመት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ርካሽ ነው ብላችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት። የአክስትንም ላንተስ «ያው አይደለም እንዴ» ብሎ መውሰድ አይሆንም።

አሁን ከስሙ ይልቅ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ፤ ሲሪንጁን። ላንተስ ዩ-100 ነው፣ ፕሮዚንክና ቬትሱሊን ዩ-40 ናቸው። ቁጥሩ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ዩኒት እንዳለ ይናገራል። ሲሪንጁም እንደዚያው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ የዩ-40 ክዳን ቀይ፣ የዩ-100 ብርቱካናማ ነው። ላንተስን በዩ-40 ሲሪንጅ እስከ 2 ብትስቡ ድመቷ የምትወስደው 5 ዩኒት ነው። ይህ ሊገድላት ይችላል። ቤት ውስጥ የሰው ኢንሱሊንም ካለ የድመቷን ለብቻው በሳጥን፣ ስሟን ጽፋችሁ አስቀምጡ። አያያዙም ይለያያል፦ ቬትሱሊን በደንብ ይናጣል፣ ፕሮዚንክ በእጅ መዳፍ መሃል ቀስ ብሎ ይንከባለላል፣ ላንተስ ግን አይነካካም፤ እንደ ውኃ ጥርት ያለ መሆን አለበት።

ክኒን የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ። ቤክሳካት በታኅሣሥ 2022 (በፈረንጆቹ) ተፈቀደ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሴንቬልጎ የሚባል በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ መጣ። በቀን አንዴ ነው። ግን ኢንሱሊን ጀምራ ለምታውቅ ድመት አይሆኑም፤ ጉበትና ኩላሊቷም መመርመር አለበት። የስኳሯ ቁጥር ደህና መስሎ ደሟ በአሲድ ሊመረዝ ስለሚችል፣ መብላት ካቆመች ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በኋላ በሩ ይዘጋል።

መርፌው በየ12 ሰዓቱ ነው፣ ምግብ ከበላች በኋላ። አባት ሌሊት ኤርፖርት፣ እናት ቀን ነርሲንግ ሆም የሚሠሩበት ቤት ውስጥ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ደሞ የሰዓቱ ነገር አለ። እናት «በ7 ሰዓት ውጓት» ብላ ትሄዳለች፤ ልጅ ማታ 7 ይላል፣ አያት ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ይሉና ምሳ ላይ ይወጋሉ። ከዚያ ልጁ ማታ ይደግማታል። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፣ የወጋ ሰው ይፈርም። «ወግተኋታል?» «እኔ እንጃ» ከተባለ አትድገሙ። አንድ መርፌ ቢዘለል ከሁለቴ መወጋት ይሻላል።

ካልበላች ሳትወጉ ለሐኪሟ ደውሉ። ከተንገዳገደች፣ ከደከመች ወይም ከተንቀጠቀጠች ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ማር በጣት ድዷ ላይ ቀቡና ወዲያው ክሊኒክ ውሰዷት፤ ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አታፍስሱ።

ምግቧ ፕሮቲን የበዛበት የቆርቆሮ ምግብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መቀየሩን ግን ለሐኪሟ ሳትነግሩ አታድርጉት፣ ኢንሱሊኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። የእንጀራ ፍርፋሪና ወጥ ይቅር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፣ ስኳር ባይኖርባትም።

ለጋርላንዷ እናት፦ እኔ ብሆን ላንተስን በፔን ወይም ፕሮዚንክን እጠይቅ ነበር፤ በዋጋ የቀለለውን፣ ሐኪሟ በደንብ የምታውቀውን። በፖስታ የምታዝዙት ከሆነ ግን የዳላስን ሐምሌ አስቡ። ከ100 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሆነ ቀን የፖስታ ሳጥን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ የዋለ ኢንሱሊን አይታመንም። የቀዘቀዘና በረዶ የሆነም እንዲሁ፤ በየካቲት 2021 መብራት የጠፋብን ጊዜ ትዝ ይላችኋል አይደል?

በሚቀጥለው ወር፦ ለክረምት አዲስ አበባ ስትሄዱ ድመቷን ማን ጋ ትተዋላችሁ?