ለሚጠራጠር ደራሲ ሙገሳ ምን ያደርግለታል?

ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈ ወጣት ደራሲ ወይም ሸራውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆመ ሠዓሊ ምክር ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በራስህ ተማመን!»። መካሪው ክፋት የለበትም። ምክሩ ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል፤ መተማመን ከሥራው በፊት መገኘት ያለበት፣ እሱ ካልመጣ ብዕር የማይነሳበት ነገር ያስመስለዋል። በደንብ ተመዝግበው የቆዩ የፈጠራ ሰዎች ታሪኮች የሚያሳዩት ሌላ ነው። ብዙ ትልልቅ ሥራዎች የተሠሩት ጥርጣሬው ለቆ ከሄደ በኋላ ሳይሆን እዚያው ቁጭ ብሎ እያለ ነው። አንዱን ሠሪ ሌላውን ዝምተኛ ያደረገው የጥርጣሬው መጠን አይመስለኝም፤ ጥርጣሬው መቼ፣ በምን ላይና በማን ፊት እንዲናገር እንደተፈቀደለት ነው።

አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ በድርቅና በዕዳ ከኦክላሆማ ተፈናቅለው ወደ ካሊፎርኒያ ስለሚሰደዱ ገበሬዎች የሚተርከውን «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1938፣ በአምስት ወር ገደማ ነው። ጎን ለጎን የሥራ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ማስታወሻው እሱ ካለፈ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1989 ታትሟል። ደብተሩን የሚገልጥ ሰው ልበ ሙሉ ደራሲ አያገኝም። የጎረቤት ግንባታ መዶሻ ይረብሸዋል፣ እንግዳ ይበዛበታል፣ ስንፍናውን ይረግማል፤ ይባስ ብሎም ደራሲ አለመሆኑን፣ ራሱንም ሰውንም ሲያታልል መኖሩን ይጽፋል። ይህን ጽፎ ሲያበቃ ታዲያ ወደ ልቦለዱ ይዞርና የዕለት ድርሻውን፣ ሁለት ሺህ ያህል ቃላት፣ ይጽፋል። በማግስቱም እንደዚያው። መጽሐፉ በ1939 ወጣ፤ በዓመቱ ፑሊትዘርን ተሸለመ። በ1962 ኖቤል ሲሰጠው፣ ሽልማቱ ይገባዎታል ወይ ብሎ ለጠየቀው ጋዜጠኛ የመለሰው በእውነቱ አይገባኝም ብሎ ነው። ስድሳ ዓመት ሞልቶት፣ ዓለም አጨብጭቦለት እንኳ ጥርጣሬው አልለቀቀውም ማለት ነው። መተማመን እስኪመጣ ቢጠብቅ ኖሮ መጽሐፉ አይኖርም ነበር። ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ጥርጣሬውን ወደ ደብተሩ ላከው፣ ሥራውን ወደ ልቦለዱ።

እርሱ ብቻውን የተለየ ፍጡር አልነበረም። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 ባወጡት ጽሑፍ፣ በትምህርትና በሙያ ከፍ ያሉ ሴቶች የተቀበሉት ዲግሪና አድናቆት «አንድ ቀን ያውቁብኛል» የሚለውን ስጋታቸውን እንዳላጠፋላቸው አሳይተዋል። ሙገሳ ለጥርጣሬ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ አስቀድመው የሚድኑት እነዚህ ነበሩ።

ጥርጣሬ ግን ሰውን ዝም ማሰኘት ይችላል፤ ይህን የሚክድ የሙዚቃ ቀማሪውን የሰርጌይ ራህማኒኖፍን ታሪክ ያንብብ። የመጀመሪያ ሲምፎኒው በ1897 በሴንት ፒተርስበርግ ሲቀርብ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ልምምዱ አጭር ነበር፣ አቀራረቡም ተበላሸ፣ ሴዛር ኩዊ የተባለው ኃያሲ ደግሞ ያለ ርኅራኄ አብጠለጠለው። ወጣቱ ለሦስት ዓመት ያህል ምንም የረባ ነገር አልጻፈም። ሲምፎኒው እርሱ በሕይወት ሳለ ዳግም አልተሰማም፤ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1945 ሌኒንግራድ ውስጥ ከተገኙ የሙዚቀኞች ወረቀቶች ተቀነባብሮ ሲቀርብ ግን ተወደደ፤ ዛሬም ይቀርባል። የዚያ ምሽት ጥፋት የአቀራረቡ ይሁን የድርሰቱ ለይቶ የነገረው አልነበረም። የሰማው ፍርድ አንድ ነበር፤ በራሱ ላይ ወሰደው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢያርመኝ መብቱ ነው፤ ራህማኒኖፍን ያነሳው ሐኪሙ ኒኮላይ ዳል በ1900 በየቀኑ እያስቀመጠ ያበረታታው ስለነበር ማበረታቻ ሠርቷል ማለት አይደለምን? ሠርቷል። ነገር ግን ራህማኒኖፍ ራሱ እንዳወሳው ሐኪሙ ይደጋግምለት የነበረው «አንተ ታላቅ ነህ» የሚል አልነበረም። ኮንሰርቶውን ትጀምራለህ፣ ሥራው ይቀናሃል፣ ኮንሰርቶውም መልካም ይሆናል የሚል ነበር። ንግግሩ አንድ ሥራ ላይ ያነጣጠረ፣ ለወራት በየዕለቱ የተደረገ ነው። ሁለተኛው የፒያኖ ኮንሰርቶ ለዳል የተበረከተውም ለዚህ ነው። ይህ ከተራ ሙገሳ ይልቅ ለአሠራር ይቀርባል።

እኛ ደግሞ ይህን አሠራር ከሩቅ መዋስ አያስፈልገንም፤ የቅኔ ቤት ለዘመናት ሲያካሂደው ኖሯል። ዋሸራ ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ጀማሪው ተማሪ መጀመሪያ የሚታዘዘው ጉባኤ ቃና እንዲቆጥር ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀን ብቻውን ጥላ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የሚሰማው ሰው ስለሌለ የፈለገውን ያህል ይሳሳታል። ሲመሽ ነገራ አለ። መምህሩ ወይም አስነጋሪው ይሰማዋል፤ ግሡ ተሳስቷል፣ ቤቱ ጎድሏል፣ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም ይለዋል። እርማቱ ቤቱን እንጂ ተማሪውን አይዳኝም፤ ነገ ሌላ ይቆጥራል። ከሁለት ቤት ወደ ሦስት፣ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲደርስ መተማመኑ ከየት መጣ ቢባል ከምክር አይደለም፤ ከዕለት ዕለት ከታረመ ሥራ ክምችት ነው። በዚህ ላይ ቅኔ አይደገምም፤ ዛሬ የተመሰገነበትን ነገ ይዞ መቆም ስለማይቻል ሙገሳው ራሱ ሰነፍ አያደርግም። መምህሩ ጨካኝ ከሆነስ? አለ እንዲህ ያለ፤ በቁጣውና በአለንጋው ልጅ ያሸሸም አይጠፋም። ያን ግን ከአሠራሩ ለይቼ ነው የማየው። የቀኑን የብቸኝነት ሰዓትና የማታውን እርማት መውሰድ እንችላለን፤ አለንጋውን አንፈልገውም።

አሁን ያለንበትን ስንመለከት ግን ይህ በብቻ ሥራና በአደባባይ መካከል ያለው የእርማት ደረጃ ጠፍቷል። አብዛኛው ደራሲ ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። አርታኢ ሳያየው ይታተማል፤ ቀጥሎ የምረቃ ዝግጅት አለ፣ ንግግር አለ፣ ጭብጨባ አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወይ ዝምታ ነው ወይ ሻይ ቤት ውስጥ ከጀርባ የሚነገር ነቀፋ። ጀማሪው ከሙገሳ በቀጥታ ወደ ብያኔ ይወረወራል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ገምግሞና አርሞ ያሳትም ነበር፤ ነገር ግን አርታኢውና ሳንሱሩ በአንድ ዘመን ስለኖሩ እርማት ሁሉ የመንግሥት እጅ ያለበት እየመሰለን ቀርቷል። ኩራዝ ራሱ ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጥርጣሬ በቀላሉ አይተወውም። አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ እርማት አዲሱን ነገር ሁሉ ቢያስተካክል ኖሮ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የት ይደርስ ነበር? በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ይህ የእኛ ጥበብ አይደለም ተብሏል። የተባለው ግን እርማት አልነበረም። እርማት ሥራው ራሱ ሊሆን ወደተነሳው እንዲደርስ ይረዳዋል፤ እገዳ ሌላ ሥራ ሁን ይለዋል። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ከተማ ለዓመታት በመምህራን ፊት ሥዕሉን እያቀረበ የታረመ ሰው ነው። ቅቡ፣ መስመሩ፣ ቀለሙ የቱ ጋ እንደደከመ ሲነገረው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሌላው ንግግር ምን እንደሆነም ለመለየት አልተቸገረም። ተመልሶ ያንኑ ሣለ፤ ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ያገኘውም በዚያው ሥራው ነው።

ለመጽሐፍ ሰዎች የምለው እንግዲህ ትልቅ ተቋም የሚጠይቅ አይደለም። የምረቃው አዳራሽ ከመያዙ በፊት ረቂቁን የሚያነቡ ሦስት ሰዎች ይፈለጉ፤ ወዳጅ ባይሆኑ ይመረጣል። አንዱ ቋንቋውን፣ አንዱ አወቃቀሩን ይይ፤ ሦስተኛው የት ገጽ ላይ እንደሰለቸው ብቻ ምልክት አድርጎ ይመልስ። ክፍያቸውም ከማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ጋር አብሮ ይታሰብ።