ከጉና ራስ እስከ ጣና ዳር

ልጆቻችሁ የጂኦግራፊ ደብተራቸውን ይዘው ሲመለሱ የሩቅ አገሮችን የተፈጥሮ ክፍል አጥንተው ታገኟቸዋላችሁ። ስለ ብራዚል ቢጠየቁ በሰሜን የአማዞን ጫካ፥ በመካከል ሴራዶ የሚባለው የሣርና የቍጥቋጦ አገር፥ በሰሜን ምሥራቅ ካቲንጋ የተባለው ደረቅ ምድር፥ በምዕራብም የፓንታናል ረግረግ መኖሩን ይቈጥራሉ። መልካም ነው። ነገር ግን እነዚያ ክፍሎች እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ጎን ለጎን የተዘረጉ ናቸው። እንደ ብራዚል በሞቃቱ የምድር መቀነት ውስጥ የምትገኘው የእኛይቱ ኢትዮጵያ ግን እንደ ፎቅ ቤት ናት፤ አንዱ አገር በሌላው ላይ ተደርቦባታል። አባቶቻችን ይህን ያለ መለኪያ መሣሪያ ዐውቀው ቈላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ፥ ውርጭ ብለው ሰይመውታል፤ የዛሬ መጻሕፍትም በእነዚሁ ስሞች ይጠቀማሉ።

በመጻሕፍቱ አከፋፈል ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቈላ፥ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፥ እስከ 3,200 ደጋ፥ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። መቶ ሜትር በወጣን ቍጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

ይህን ለመመልከት እንደ ገሳይ የሚመች ስፍራ ጥቂት ነው። ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በጉና ተራራ አጠገብ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው ጉና፥ የመሬት ሊቃውንት እንደሚሉት፥ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ በወጣ የቀለጠ ዐለት የተቈለለ ነው። በራሱ ላይ ጅብራ ቆሟል፤ ጓሳና አስታም ይበቅላሉ። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ገብስ፥ እንግዶና ድንች ይገኛሉ። ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፥ በጉና ራስና በሐይቁ ዳር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት 14 ዲግሪ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በላይ በውርጭ የሚንቀጠቀጥ እረኛ ሳለ በታች በፎገራ ሜዳ ገበሬው በሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ጕልበቱ ውኃ ገብቶ ያርማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በፎቅ ቤት ላይኛው ሰው ያፈሰሰው ውኃ በታችኛው ጣሪያ ላይ መውረዱ አይቀርም። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ ጋር ሆነው ወንዞች ወደ ሐይቁ ከሚያመጡት ውኃ ከመቶ ዘጠናውን እጅ የሚበልጠውን የሚሰጡ እነርሱ ናቸው። ጓሳውና አስታው የክረምቱን ዝናም እንደ ስፖንጅ ይዘው በበጋ በምንጭ በምንጭ ያወጡታል። አስታው ለማገዶ ሲቈረጥና ጓሳው ሲታረስ ግን ዝናሙ ዐፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የፎገራ ሰው የጉናን ዐፈር ያርሳል ቢባል ሐሰት አይደለም። ሆኖም ደለሉ በዝቶ የርብ ወንዝ ወለል በሜዳው ላይ ከፍ ስላለ፥ ወንዙ ከዳርቻው እየወጣ ማሳውንና ቤቱን ያጥለቀልቃል። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታሰበው የርብ ግድብም ይኸው ደለል ይጠብቀዋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እንቦጭም ከላይ ታጥቦ በሚወርደው ለም ነገር ይፋፋል።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንወቅሰውም። ርስቱ በልጆች ብዛት ተከፋፍሎ ሲያልቅበት ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ወዴት ይሂድ? ባሕር ዛፍ መትከሉም ለቤት መሥሪያና ለገበያ ጠቅሞታል፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ የጥድንና የኮሶን ስፍራ ተክቶ ደን ይሆናል ለሚሉን አንስማማም። ከሥሩ ሣር እንኳ አጥግቦ አያበቅልምና።

የቀደመው ደን ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማየት የሚፈልግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ይሂድ። በደቡብ ጎንደር በዛፍ የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት ከሺህ በላይ ናቸው። ጥዱ፥ ወይራው፥ ዝግባውና ኮሶው በዚያ አለ። ዳሩ ግን ሽማግሌ ዛፍ ብቻውን ደን አይባልም፤ ቡቃያ ሊኖረው ይገባል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ አገር ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳመለከቱት፥ ቡቃያውን ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ በዐጸዱ የሚሰማራ ከብት ነው። ከዚያ ወዲህ ምእመናን ከየማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ በአንዳንዶቹ ዐጸዶች ዙሪያ ካብ ክበዋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ከብቱ በውጭ ቀረ፤ ከካቡም በስተ ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡቃያው ይታያል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን በዐጸዱ ዙሪያ አዙራችሁ ከጥዱና ከወይራው ሥር ስንት ቡቃያ እንዳለ አስቈጥሯቸው።