ጣራ የሌለው ድልድይ

ባለፈው ሳምንት ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ገበያተኞችና የተጫኑ አህዮች ዘወትር የሚመላለሱበትን የእንጨት ድልድይ ስሻገር፣ በላዩ ከተደለደለው አፈር ሥር አንዱ የባሕር ዛፍ ግንድ ከእግሬ በታች ስምጥ ቢልብኝ፣ ጎንበስ ብዬ ጫፉን ብነካው ፍርፍር ብሎ በመዳፌ ቀረ። ላዩ ጤነኛ መስሎ ልቡ ጠቁሯል። አብሮኝ የሚሻገር አንድ አዛውንት «በየዓመቱ አንድ ሁለቱን እንለውጣለን፣ ልጄ» አሉኝ። ግንዱን የገደለው ግን የአህዮቹ ሸክም ሳይሆን ከአፈሩ ሥር የሚያድረው የዝናብ ውኃ ነው።

በዚያች ሰዓት አልፍሬድ ኢልግ ትዝ አለኝ። ይህ የስዊስ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ወደ ንጉሥ ምኒልክ መጥቶ፣ በኋላ የመንግሥት አማካሪ እስከ መሆን ሲደርስ፣ ከቀደምት ሥራዎቹ አንዱ በአዋሽ ወንዝ ላይ የሠራው የእንጨት ድልድይ ነበር። በተወለደበት አገር ብዙውን የእንጨት ድልድይ እንደ ቤት ጣራ ያለብሱታል፤ በሉሴርን ከተማ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የካፔል ድልድይ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. እሳት አብዛኛውን ክፍሉን እስኪበላው ድረስ፣ እየታደሰ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆሞ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላውም መልሰው ሠሩት። ጣራው ከመንገደኛው አስቀድሞ የሚያገለግለው ተሸካሚውን አግዳሚ ነው፤ ክዳኑ ያረጃል፣ ይለወጣል፣ አግዳሚው ግን ደርቆ ይኖራል።

ይህ ምሥጢር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አበው ቤተ መቅደስ ሲያንጹ ምሰሶውን ከጥድና ከወይራ መርጠው፣ የሣር ክዳኑን በየዘመኑ እያደሱ፣ ማኅደሩን ከዝናም ጠብቀው ለትውልደ ትውልድ አስተላልፈዋል፤ የገጠሩም ባለ ጎጆ ክዳኑ ማፍሰስ ሲጀምር ክረምት ሳይገባ ጎረቤቱን ለደቦ ይጠራል። ድልድይ ዘንድ ስንደርስ ግን ያንኑ እንጨት ራቁቱን ለሰማይ እንሰጠዋለን፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

እርግጥ ነው፣ ጭድ የጫነ ጋሪ እንዲያልፍ ጣራው ከፍ ማለት፣ ነፋስም እንዳይነጥቀው መወጠር ይኖርበታል። በየዓመቱ ግንድ ከመቁረጥ ግን ይህ ይቀላል፤ ዝናም ለያዛት፣ ሕፃን ላዘለች ገበያተኛም መጠለያ ይሆናታል። በመጪው ጥቅምት ያን ግንድ ለመለወጥ ደቦ ሲወጣ ለአዛውንቱ ቃል ገብቻለሁና፣ ቆርቆሮዬን ይዤ እገኛለሁ።