ባዕድ መነሻና የቃል ትርጉም



በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁባት መተማ ዛሬ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልባት አገር ናት። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። በእርሻው የሚረጨው መርዝም ሆነ በሕመም ጊዜ የሚዋጠው ኪኒን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ለቤተ ሰቡ የሚያነበው ተማሪው ልጅ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ስለ እንግሊዝኛ ባዕድ መነሻ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ባዕድ መነሻ በቃል ራስ ላይ ተጨምሮ ትርጉሙን የሚለውጥ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ይመውት» ይሞታል ማለት ሲሆን፣ «ኢ» ሲጨመርበት «ኢይመውት»፣ አይሞትም ይሆናል። በቅዳሴ «ዘኢይመውት» ሲባል የሰማ ልጅ የአንዲትን ፊደል ኃይል ያውቃል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፤ «ሴፍ» ደኅና፣ «አንሴፍ» አደገኛ፤ «ዩዝ» መጠቀም፣ «ሪዩዝ» ዳግመኛ መጠቀም ነው። በመርዝ ጀሪካን ላይ «ዱ ኖት ሪዩዝ» ተጽፎ ቢገኝ፣ ዕቃውን ዳግመኛ አትጠቀሙበት ማለት ነውና፣ በረሃው ምንም ቢያስጠማ ውሃ አይቀዳበትም።

ነገር ግን መነሻውን በልማድ ብቻ መተርጐም ያሳስታል። «ኢንኮሬክት» ትክክል ያልሆነ ማለት ነው፤ በዚህ «ኢን» አሉታ ነው። በነዳጅ በርሜል ላይ የሚጻፈው «ኢንፍላመብል» ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው እንጂ የማይቃጠል ማለት አይደለም። በላቲን ሁለት «ኢን» አሉና፤ አንዱ አሉታ ነው፣ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ማለት ነው። ሰው እንዳይሳሳት ዛሬ «ፍላመብል» ብሎ መጻፍ ይመረጣል፤ ትርጉሙ ግን አንድ ነው።

በሕክምናም ከግሪክ የመጡት «ሃይፐር» መብዛትን፣ «ሃይፖ» ማነስን ያመለክታሉ። «ሃይፐርግላይሴሚያ» የደም ስኳር መብዛት ነው፤ «ሃይፖግላይሴሚያ» ማነሱ ነው። በቆላው ወባ በጠና የታመመ ሕፃን ስኳሩ ሊያንስበት ይችላል፤ እርሱን የሚረዳው ስኳር፣ ስኳሩ የበዛበትን ሰው ይጐዳል። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ግን መነሻቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቃሉን እንዲያው እንዳያነበንብ፣ መነሻውን ከግንዱ ለይቶ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ሲጠራጠር መዝገበ ቃላት ይመልከት፤ ነገሩ የመድኃኒት ከሆነ ደግሞ የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። አላውቅም ማለት ለተማሪ ነውር አይደለም፤ ገምቶ ማንበብ ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።